ሐዋሳ የምንሄደው ለመብላት ነው፤ የት የት እንግባ?

የአዳማው_ሰው

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔና ባለቤቴ ከአዳማ ወደ ሐዋሳ ልንሄድ አስበናል። ሐይቁን ከዚህ በፊት አይተነዋል። በጀልባ ዞረናል፣ ጉማሬውን ፎቶ አንስተናል፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሽር ብለናል። እሱ ይበቃናል። አሁን የምንፈልገው መብላት ነው።

ሁሉም ሰው «ሐዋሳ የብዙ ብሔር ከተማ ናት» ይላል። ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ ሐዲያው፣ ከምባታው፣ ጋሞው፣ ኦሮሞው፣ አማራው አለ። እሺ። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ምን ይበላል? እኛ ባለፈው የበላነው ክለብ ሳንድዊችና ፓስታ በሥጋ ነው። የሆቴላችን ሜኑ አዳማ ካለው አይለይም። የፊደል ግድፈቱ ራሱ አንድ ነው።

ስለዚህ፦ የሲዳማ ምግብ የት ይገኛል? ለአሳ በስንት ሰዓት ይወጣል? ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ለእሷስ? መኪና የለንም። ኪሳችን መካከለኛ ነው። የሆቴል ማስታወቂያ የምትለጥፉ ልጆች በእናታችሁ እለፉኝ።

ባለመረቡ

አሳውን ለኔ ተውልኝ።

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ የሚኬደው በጠዋት ነው። ጠዋት ስልህ ቁርስ በልተህ፣ ሻወር ወስደህ አይደለም። ገና ፀሐይ ሳትከር ነው። ማታ መረብ ጥለው ያደሩት ጀልባዎች የሚመለሱት ያኔ ነው። አርፍደህ ከመጣህ የምታገኘው ቱሪስትና አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ብቻ ነው። አባ ኮዳዎቹን ግን አትናቃቸው። ቁመታቸው ደረትህ ጋ ይደርሳል። የአሳ አንጀት እስኪጣልላቸው ድረስ ዝም ብለው ይቆማሉ። ሲጣል ግን መንገድ ልቀቅ።

አሳ የሚያጸዱትን ልጆች ቆመህ እይ። ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በግራ እጁ ይጨብጣል። ቢላዋውን ከጉንጩ ኋላ ያስገባል፣ አጥንቱን ተከትሎ እስከ ጭራው ይስባል። ገልብጦ ሌላውን ጎን። ቆዳውን ገፈፍ። ሁለት ነጭ ሙዳ ሥጋ ከእንጨቱ ላይ ቀረ። አንተ «ስንት ነው?» ብለህ ሳትጨርስ እሱ ሌላ አሳ ጀምሯል።

ምን ትበላለህ? ሐይቁ ውስጥ በብዛት የሚያዘው ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ነው። ለጥብስ ቆሮሶ። ሙሉውን፣ ጎኑ ተተልትሎ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ በዳቦና በዳጣ። አምባዛ ሥጋው ወፍራም ነው፣ ቅባት አለው፤ ለጉላሽ ይሻላል። ቢልጫ ይጣፍጣል ግን እሾሁ ያስለቅስሃል፤ ከሰው ጋር እያወራህ የምትበላው አይደለም። ለብለብ የሚባለውንም እዘዝ። የተከተፈ አሳ ነው፣ በሽንኩርትና በቃሪያ እሳት ነካ ተደርጎ በእንጀራ ይቀርባል። ሾርባውን አትለፍ።

ዋጋ አልጽፍም፤ ነገ ይቀየራል። ከመቀመጥህ በፊት ጠይቅ። ፀጉረ ልውጥ መሆንህን ከሩቅ ያውቁታልና ዋጋውም እንደዚያው ነው። ግቢው መግቢያም ያስከፍላል።

ነርሷ_ነኝ

ባለመረቡ ስለ ጥሬው አሳ ዝም አለ። ሆን ብሎ ነው።

ወንድሜ፣ እዚያ ጥሬ አሳ በአዋዜ ይቀርብልሃል። ብዙ ሰው ይበላዋል፣ ጣዕሙም አያከራክርም። ግን የሐይቅ አሳ ጥሬውን የትል እጭ ሊኖርበት ይችላል። አዋዜና ሎሚ አይገድሉትም። የሚገድለው እሳት ነው።

ሌላው፣ ሐይቁ ዳር በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ። ብልሃርዝያ አለ። እንዲይዛችሁ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ጀልባው ላይ ምንም ችግር የለም። ችግሩ «እስኪ እግሬን ልንከር» የሚባለው ነገር ነው።

ባለመረቡ

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። እኔ ግን እበላዋለሁ።

ነርሷ_ነኝ

ብላ። የሰገራ ምርመራ ስትመጣ እንገናኛለን።

ቀዳሚት

ለባለቤትህ አንድ ነገር ንገራት። ሐዋሳ ብዙ ቤት «የጾም» በሚለው ሥር አሳ ተጽፎ ታገኛለች። አስተናጋጁም «የጾም ነው እቴ» ይላታል። እኛ ቤት አሳ በጾም አይበላም። የሚበሉ አሉ፣ የነሱ ጉዳይ ነው። ግን በያይነቱ ስታዝ አሳ የተጠበሰበት ዘይት እንዳይሆን ቀድማ ትጠይቅ።

ጉርሻ

አሳ እኮ ደም የለውም። ሐዋርያቱ ራሳቸው አሳ አጥማጆች አልነበሩም እንዴ?

ቀዳሚት

አጥማጅ መሆንና ጾም መግደፍ ምን አገናኘው? ደም የለውም ያልከውን ደግሞ ባለመረቡ የሚያጸዳበት ቦታ ሄደህ እየው።

አወያይ

የአሳና የጾም ክርክር ከዚህ መድረክ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ የራሱ ክር አለው። እዚያ ሂዱ። የጠያቂው ባለቤት የምትበላውን ራሷ ታውቃለች።

የአለታ_ወንዶ_ልጅ

የሲዳማ ምግብ የት ይገኛል ላልከው፦ ሰው ቤት።

እየቀለድኩ አይደለም። እኔ ሐዋሳ ነው ያደግሁት፣ ቤተሰቦቼ ከአለታ ወንዶ ናቸው። ቡርሳሜን ሆቴል ገብቼ በልቼ አላውቅም፤ ለምን ብዬ? እናቴ ጓሮ እንሰት አለ። ቡርሳሜ ማለት ከዋሳ የሚሠራ ነው። ዋሳ እናንተ ቆጮ የምትሉት ነው። እንሰቱ ዓመታት ቆይቶ ይቆረጣል፣ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላል። ከዚያ ወጥቶ ውሃው ይጨመቃል፣ ይከተፋል፣ ይበስላል፣ በቅቤ ይለወሳል። ቅቤው ላይ የሚሰስት ሰው ቡርሳሜ ባይሠራ ይሻላል። ከዋሳው በታች ቀርቶ ሸክላው ላይ መታየት አለበት። ሻፌታ በሚባለው ሸክላ ቀርቦ፣ ሁሉም ከአንድ ዕቃ፣ ከወተት ጋር ይበላል።

አሁን ይህን ምግብ ቤት ውስጥ ልሥራ ብትል፦ እንሰቱን ማን ይፍቀው? ሥራው የሴቶች ነው፣ ደግሞም በቡድን ነው የሚሠራው። ቅቤው ስንት ይገባል? ደንበኛው ደግሞ ሽሮ በሚከፍልበት ዋጋ ነው መክፈል የሚፈልገው። ስለዚህ ባለሆቴሉ ጥብስ ይሠራል። ለኔ ነገሩ ይኸው ነው። ሐዋሳ የሲዳማ ዋና ከተማ ናት፣ የሲዳማ ምግብ ግን ከሜኑዋ ላይ በትንሹ ነው ያለው።

ሰብለ_በላተኛዋ

ትንሽ አጋነንከው ወንድም ዓለም። የባህል ምግብ ቤት የሚባሉት አሁን አሁን ቡርሳሜ እያቀረቡ ነው። እኔ በልቻለሁ። ሸክላውም አለ፣ ወተቱም አለ።

የአለታ_ወንዶ_ልጅ

አለ አልኩ እኮ፤ በትንሹ ነው ያልኩት። ሰብልዬ፣ የበላሽው ላይ ቅቤው ምን ያህል ነበር?

ሰብለ_በላተኛዋ

… እሱን ተወው።

የአለታ_ወንዶ_ልጅ

በቃ።

ለማንኛውም የአዳማው ሰው፣ ቀናችሁን መምረጥ ከቻላችሁ በፊቼ ጨምበላላ ኑ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በፊቼ ማታ በየቤቱ የሚቀርበው ቡርሳሜ ነው። በማግሥቱ በጨምበላላ ዕለት ደግሞ ሕፃናት «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ እያንዳንዱም ቤት ያበላቸዋል። ሽማግሌዎች ሲናገሩ ከሚያነሱት አንዱ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ነው። ከተማ ውስጥ በዓሉ ሐይቁ አጠገብ ጉዱማሌ ይከበራል። ቄጣላው እዚያ ነው። ከየጎሳው የመጡ ሰዎች በአንድ ድምፅ እየዘመሩ፣ እየዘለሉ ሲገቡ መሬቱ ይሰማሃል።

አመጣጡን የሚያወሩት ስለ አንዲት ሴት ነው። ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ነበር ይባላል። ጎረቤቱም ተሰብስቦ አብሮ ይበላል። ስለዚህ ይህ ምግብ ከመጀመሪያውም የሚሸጥ ሳይሆን ተይዞ የሚመጣ ነው። ሐዋሳ የሲዳማ ወዳጅ ካለህ አሁኑኑ ደውል። ከሌለህ እስከዚያ ወዳጅ አፍራ።

የአዳማው_ሰው

ፊቼ በምን ቀን ነው የሚውለው? ባለቤቴ ፈቃድ መጠየቅ አለባት።

የአለታ_ወንዶ_ልጅ

እዚህ ላይ ነው የምትቸገሩት። ቀኑ ቋሚ አይደለም። አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ነው የሚቆርጡት። ከዚያ ለጎሳ መሪዎች ይነገራል፣ ከዚያ ለሕዝብ። ስለዚህ «ለመሥሪያ ቤቴ ከወራት በፊት ላሳውቅ» ማለት አይቻልም። እንደታወጀ ዕቃህን ጠቅልለህ ና። አልጋ ግን ያኔ በቀላሉ አይገኝም።

የድሮ_ሐዋሳ

ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሁሉ ሰው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። እሱን ካላወቃችሁ ምግቡንም አታገኙትም።

ሐዋሳ እንደ ከተማ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ሲዳማ ከብቱን ሐይቁ ዳር የሚያሰማራበት አገር ነው። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋለም ነበረች፤ ኋላ ወደዚህ ዞረ። ጡረታ የወጣ ወታደር መጥቶ ሰፈረ። ነጋዴው ተከተለ። የመንግሥት ሠራተኛው መጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። ከሃምሳ በላይ ብሔረሰብ ያለበት ክልል ነበር። ከጂንካም፣ ከቦንጋም፣ ከሆሳዕናም፣ ከሶዶም ጉዳይ ያለው ሁሉ ወደ ሐዋሳ ይመጣ ነበር። ባለጉዳይ ደግሞ ይርበዋል። ያን ጊዜ ነው ቢሮዎቹ አካባቢ የሐዲያ ሴት ለሐዲያ ባለጉዳይ፣ የወላይታው ሥጋ ቤት ለወላይታው ባለጉዳይ የከፈተው። የቢሮው ሠራተኛም ገብቶ ተለማመደ።

በ2012 ሲዳማ የራሱ ክልል ሆነ። በ2015 የቀረው ደቡብ ክልልም ተከፋፈለና ቢሮዎቹ ወደ ሶዶና ወደ ሆሳዕና ሄዱ። ቢሮው ሄደ፤ ምግብ ቤቱ ግን ቀረ። ስለዚህ ፒያሳና ሐይቁ ዳር አትፈልጉ። ድሮ መሥሪያ ቤት በነበረበት ጀርባ፣ መናኸሪያ አካባቢና ገበያው ውስጥ ግቡ። ሰሌዳ የሌለው ቤት ሊሆን ይችላል።

ሁልጊዜ ፍቅር በፍቅር ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። በ2010 ሰኔ ላይ ጎረቤት ከጎረቤት የተጋጨበትን ጊዜ አይተናል፤ ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል። ከዚያ በኋላ የተዘጋ ምግብ ቤት አውቃለሁ። ተመልሶ የተከፈተም አውቃለሁ። ይህንን የምጽፈው «ሁሉም ተዋዶ የሚኖርባት» እያሉ በፖስተር ላይ የሚጽፉት ስለሚያናድደኝ ነው። ከተማዋ ከፖስተሩ በላይ ናት።

የአዳማው_ሰው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ነበር የምፈልገው።

የቀድሞ_ተማሪ

ጋሼ ካሉት ላይ ልቀጥል። እኔ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት። የካፌው ምግብ ሲሰለቸን ገንዘብ አዋጥተን ወደ ወላይታ ቤት እንሄድ ነበር። የወር ወጪያችን የሚያልቀው እዚያ ነው።

የወላይታን ሥጋ መግለጽ አልችልም፤ ዳጣውን ግን ልሞክር። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ሌላም ቅመም ድንጋይ ላይ ይፈጫል። አረንጓዴው አለ፣ ቀዩም አለ። ቁርጡን ቆርጠህ ነከር ታደርጋለህ። መጀመሪያ ቃጠሎው አይሰማህም፤ በሶብላው ነው የሚመጣው። ቀጥሎ ዝንጅብሉ። ከዚያ ጆሮህ ይግላል። አዋዜ ለምደህ «እኔ ቅመም አውቃለሁ» ብለህ የምትሄድ ከሆነ ቀስ በል። ባለቤቱ ዓይንህን እያየ ይስቃል፣ ውሃ ግን አያመጣልህም፤ ቆጮ ነው የሚገፋልህ። እውነቱን ነው፣ ቆጮው ያበርደዋል።

መስከረም ላይ ከሆነ የምትሄደው ወላይታዎች ጊፋታን የሚያከብሩበት ወቅት ነው። ለዚያ ተብሎ የደለበ በሬ ነው የሚታረደው። ሶዶ ድረስ መውረድ ለሚችል የበለጠ ነው፣ ግን ሐዋሳም ያለው አይናቅም።

ለሐዲያ ደግሞ አተካና ጠይቅ። ቡላ በቅቤና በወተት ተሠርቶ የሚቀርብ ነው፤ ለክብር እንግዳ የሚሠራ። እሱንም እንደ ቡርሳሜው ቀድመህ ካላዘዝክ አታገኘውም። ክትፎማ የትም አለ፤ ጉራጌ ያልደረሰበት ከተማ የት አለ?

ጉርሻ

ማር ማር ይላል ይሄ ክር። እኔ ግን አልተስማማሁም። ሐዋሳ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰዉ ምሳ የሚበላው ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ ጥብስ፣ ፓስታ ነው። ወላይታውም ሲዳማውም። «የብዙ ባህል ምግብ» የምትሉት ለእንግዳ የሚወራ ነው።

ሰብለ_በላተኛዋ

እሱማ ሥራ ቦታ አጠገብ ስለምትበላ ነው! ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ በመውጫ ሰዓት ሄደህ ታውቃለህ? ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች እዚያ ይሠራሉ። ብዙዎቹ በጋራ ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ደመወዛቸው ለጥብስ አይበቃም። የሚበሉት የሚያውቁትን ነው። በቆሎ ዱቄት ከጎመን ጋር፣ ቆጮ፣ ቦሎቄ። መንገድ ዳር በጀበናና በትንሽ ድስት የሚሸጡላቸው እናቶች አሉ። እኔ ከአንዷ ጋር ተቀምጬ በቆሎና ጎመን በልቻለሁ። ድስቱን በማማሰያ ታገላብጣለች፣ ለእያንዳንዷ በስሟ እየጠራች ትሰጣለች፣ ማን ዱቤ እንዳለባት በቃሏ ታውቃለች። እኔን «አንቺ የማን ነሽ?» አለችኝ። ሜኑ የለም። የምትጠየቀው ጥያቄ እሱ ነው።

ግን እዚያ ካሜራ ይዛችሁ አትሂዱ። ሰው ደክሞት ራቱን ነው የሚበላው።

ጉርሻ

ይሄኛውን ተቀብያለሁ። ሽሮዬን ግን አልተውም።

ባለሦስት_እግር

ለመንገዱ እኔ ልመልስ፤ ባጃጅ ነው የምነዳው።

ከአዳማ በሞጆ ነው የምትመጡት። ከሞጆ እስከ ባቱ ፈጣን መንገዱ አለ፣ ከዚያ በአርሲ ነገሌ፣ በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ። ጠዋት ተነሡ፤ የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከተጓዘ ሰው ጠይቁ። ጥቁር ውሃን ስታልፉ ደርሳችኋል።

ከተማ ውስጥ በመስመር የሚሠራ ባጃጅ አለ፤ ከሰው ጋር ተጋርታችሁ ትሄዳላችሁ። ብቻችሁን ከፈለጋችሁ «ኮንትራት» በሉ፣ ዋጋውን ሳትገቡ ተስማሙ። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ መንገዱም ሰፊ ነው፤ ብስክሌት መከራየትም ያዋጣል። ሆዳችሁ ሲሞላ ደግሞ ታቦር ተራራ ላይ ውጡ። ሐይቁም ከተማውም ከላይ ይታያል። በቀትር አይደለም ታዲያ፤ አመሻሽ ላይ።

ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 እንዳይሆን የምትመጡት። የገብርኤል ንግሥ ነው፣ ከተማው ይሞላል፣ አልጋ ይጠፋል። ንግሡን ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ዘመድ ቤት እደሩ።

ቀዳሚት

ለጾም ቀን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሻሸመኔ ሐዋሳ አጠገብ ናት፤ ግማሽ ሰዓት አካባቢ። ጃማይካ ሰፈር ሂዱ። መሬቱን ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢትዮጵያ ውጭ ላሉ ጥቁር ወገኖች የሰጡት ነው፣ ራስታዎቹ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች መጥተው ሰፈሩበት። ብዙዎቹ ሥጋ አይበሉም። «አይታል» የሚሉት ምግብ አላቸው፦ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ሙዝ፣ ኮኮናት ሲያገኙ ኮኮናት። ጨው ብዙም አይወዱም፤ የለመደ ምላስ መጀመሪያ ይገረማል። ባለቤትህ ረቡዕን ያለ ሐሳብ ትበላለች። ቤቶቹ አነስተኛ ስለሆኑ ቀድሞ መደወል ወይም ሲደርሱ ማዘዝና መጠበቅ ነው። ልብ በሉ፣ እነሱ የሰፈሩ ነዋሪዎች ናቸው፤ እንደ ትርኢት አትመልከቷቸው።

የአዳማው_ሰው

ባለቤቴ ይህን አንብባ «ለኔም ሰው አሰበልኝ» አለች። ቀዳሚት፣ ተመርቀሻል።

እስካሁን የያዝነው፦ ጠዋት አሞራ ገደል፣ አሳ የበሰለ (ነርሷ ተሰምቷል)። ምሳ ከቢሮዎቹ ጀርባ ወላይታ ቤት። ረቡዕ ሻሸመኔ። ቡርሳሜን በተመለከተ አዳማ አንድ የሲዳማ ባልደረባ አለኝ፤ አክስቱ ሐዋሳ አለች። ትናንት ነገርኩት። «ሆቴል አልጋ ያዝክ?» አለኝ። አዎ ስለው ተቆጣ። «አክስቴ ካለች ሆቴል ምን አገባህ?» ብሎ እዚያው ደወለላት። በሲዳምኛ ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ስልኩን ዘግቶ «ቅቤ ልታስነጥር ነው» አለኝ። አሁን የኔ ጥያቄ፦ ምን ይዘን እንሂድ?

የአለታ_ወንዶ_ልጅ

ባዶ እጅ አይሆንም። ስኳርና ቡና በቂ ነው። ቆይ፣ ቡናውን ተወው፤ ለሲዳማ ቤት ቡና መውሰድ አይሆንም። ስኳር፣ ሳሙና፣ ለልጆች የሆነ ነገር። ከአዳማ ብርቱካንም ካለ ጥሩ። ስትደርሱ «ትንሽ ብቻ ነው የምንበላው» አትበሉ። ወተቱ ሲሞላላችሁ ዝም ብላችሁ ጠጡ። አክስትየዋ ተነሥታ ስትጨምርላችሁ እጃችሁን ዕቃው ላይ አትክደኑ።

ነርሷ_ነኝ

ወተቱ የፈላ መሆኑን በትህትና መጠየቅ ይቻላል።

ባለመረቡ

እህቴ አንቺን ይዞ ጉዞ መሄድ…

የአዳማው_ሰው

የመጨረሻ ጥያቄ። ስንመለስ ቡና መግዛት እንፈልጋለን። የሲዳማ ቡና ሐዋሳ ላይ ከየት ይገዛል? ተቆልቶ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ የታሸገውን ነው ወይስ ጥሬውን?

የአለታ_ወንዶ_ልጅ

ጥሬውን። አዳማ ወስዳችሁ ራሳችሁ ቁሉት። ተቆልቶ የታሸገው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ መቼ እንደተቆላ ስለማይጻፍበት ነው። ገበያ ግቡ፣ እፍኝ ዘግናችሁ አሽትቱ። ሻጋታ ከሸተተ ወይም ጆንያ ጆንያ ካለ እለፉት። ፍሬው እኩል ይሁን፤ የተሰባበረና ጥቁር የበዛበትን አትውሰዱ። የታጠበ ከሆነ ጣዕሙ ቀለል ይላል፣ ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር አለው። ከነጀንፈሉ የደረቀው ወፈር ይላል፣ ጣፋጭነት አለው። ለጀበና እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከየት ወረዳ እንደመጣ ጠይቁ። በንሳ ካላችሁ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ስሙ ወጥቷል። በ2012 በተካሄደው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው ከሲዳማ ስለሆነ ሻጩ ሁሉ «ያኛው ነው» ይላችኋል። እሱን አትመኑ። አፍንጫችሁን እመኑ።

አክስትየዋን ብትጠይቋት ደግሞ ገበያ መውጣት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።